ጋራዥ የገባችው ፒካፕ

ግቢዬ ውስጥ አንድ ጥቁር የጀርመን መኪና ቆሟል። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ መስታወቱ በጣት ተነክቶ ይወርዳል፣ በሩ ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ክረምቱ አልፎ ተጎትቶ ከመጣ ወዲህ ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ባለቤቴ ላስቲክ አልብሳዋለች፤ እኔ ስገባ ስወጣ እንዳላየ አልፋለሁ። ጎረቤቶቼ ለምን አትሸጠውም ይሉኛል። ኤዲያ! ሸጬው የት ልደርስ ነው? እዚያው ዓይኔ ሥር ይቁም። ይገባኛል።

ማንም አላታለለኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ደላላውን መርገም ይወዳል። ደላላው ደላላ ነው፣ ሥራውን ሠራ። መኪናዬን በመኪና የለወጥሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደብረ ማርቆስ መሃል ከተማ ቆሜ ቁልፍ በቁልፍ ተቀያይሬ።

የለወጥኋት ነጭ ፒካፕ ነበረች። ነጭ ስል ስገዛት ማለቴ ነው፤ እኔ እጅ ከገባች በኋላ የድንች አፈር መልክ ይዛ ቀረች። ሥራዬ ድንች ነው። ከሮብ ገበያ ከተማና ከዚያ በላይ ካሉት ቀበሌዎች እገዛለሁ፣ ደብረ ማርቆስ አውርጄ ለምግብ ቤቶችና ለቸርቻሪዎች አከፋፍላለሁ። የተወለድሁትም እዚያው ላይ ነው፤ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ፣ ከገብስና ከድንች በቀር ሌላ ነገር እሺ የማይል ውርጫም አገር። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነበር። ስንት ጊዜ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ ብያታለሁ። የአባትህን መቃብር ለማን ጥዬ እመጣለሁ ትለኛለች፤ በዚያው ወሬው ይዘጋል።

የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በየወሩ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ትታያለች፣ የወር መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። በየወሩ ፒካፗን ይዤ እስከ አጥሯ ድረስ እወጣ ነበር። መንገድ አለ ብዬ አልዋሽም፤ የከብት መሄጃ ነው፣ አንድ ወንዝና ሁለት የሚያስፈራ አቀበት አለው። ፒካፗ ታጉረመርማለች እንጂ እምቢ አትልም ነበር። እናቴ ጉልበቴን ረግጣ ጋቢና ትወጣና ነጠላዋን አስተካክላ ዳሽቦርዱን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ "በይ እንግዲህ" ትላለች። ለእኔ አይደለም፤ ለመኪናዋ ነው። እኔ እዚያ ውስጥ መሪ ያዥ ብቻ ነበርሁ።

አሁን ስለ ቃሬዛው መናገር አለብኝ። በእኛ አገር የታመመ ሰው ወደ ከተማ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። የደብራችን ቃሬዛ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨቶች ነበሩት፤ መሃሉ በበሬ ጠፍር ተጠላልፎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የእድሩ ንብረት ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሲደክመው ሌላ አራት ይቀበላል፣ እንዲህ እየተቀባበለ ሮብ ገበያ ድረስ ያወርዳል። ጤነኛ ወንድ ሆኖ ተራውን የሚዘል የለም፤ የዘለለ እንደሆነ ማንም አይሰድበውም፣ ግን ከዚያ በኋላ ለሥራ አይጠሩትም። እንጨቶቹ በስንቱ ትከሻ እንደታሹ እንጃ፣ መያዣቸው ላይ ልሙጥ ሆነው ያብለጨልጩ ነበር። አባቴ የወረደው በእሱ ነው፤ አስከሬኑ የተመለሰውም በእሱ ነው።

እኔ ፒካፕ ከገዛሁ በኋላ ቃሬዛው ሥራ ፈታ። ምጥ የጠናባትም፣ በሬ የወጋውም፣ ሲደወልልኝ እመጣለሁ። ጠፍሩን አይጥ በላው። አንድ ሰሞን የድንቹ ጆንያ ከጎን እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ሁለቱን እንጨቶች ግራና ቀኝ ማቀፊያ ባደርጋቸውስ የሚል ሐሳብ መጣልኝና የእድሩን ዳኛ ጠየቅኋቸው። ከአባቴ ጋር ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አያበዙም። 

"ውሰዳቸው" አሉኝ። "ግን እወቀው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቃሬዛችን አንተ ነህ።"

ሳቅሁ። እሺ አባቴ፣ ይሁን አልኋቸውና እንጨቶቹን ጭኜ ወረድሁ። ብየዳ ቤት አስገብቼ በቡሎን አሳሰርኋቸው። በልክ የተሠሩ ያህል ገጠሙ። የሰጠሁትን ቃል እንደ ቃል አልቆጠርሁትም፤ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ፒካፕ ያለው ሰው የራሱ ሰው አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን የምጭን እኔ፣ የእድር ድስትና ወንበር የማመላልስ እኔ፣ ቤት የቀየረ ሰው ቁምሳጥን የማዞር እኔ። ደስ እያለኝ ነበር አልልም፤ አፌ ሲነጫነጭ እግሬ ይሄዳል። እንዲህ እያልሁ ስኖር የባለቤቴ የእህት ልጅ ጥር ላይ ተዳረች። ፒካፗን ሁለት ቀን ሙሉ አጠብኋት። ከማቀፊያዎቹ ሥር የተጋገረውን አፈር በቢላዋ ፋቅሁ። ኮፈኗ ላይ ሪባን አሰርሁ። ሱፌን ለብሼ፣ ባለቤቴን በሐበሻ ቀሚሷ ጋቢና አስቀምጬ፣ ሙሽሪት ቤት በር ላይ ከተደረደሩት መኪኖች መሃል ገብቼ ቆምሁ። ከሚዜዎቹ አንዱ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ በትሕትና ነው የነገረኝ። ጋሼ፣ እርስዎ አጀቡ ውስጥ ባይገቡ፣ ቪዲዮው ላይ እንዳያበላሽብን፤ ይልቅ የቢራውን ሳጥን ቢያመጡልን አለኝ።

ደሜ ፈላ። ግን በሰው ሠርግ ምን ይባላል? ሪባኑን በጥሼ ኪሴ ከተትሁት። ባለቤቴ ወርዳ ከሌላ ሰው መኪና ኋላ ገባች። እኔ ሱፍ ለብሼ ቢራ ጫንሁ። በምሳው ሰዓት አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ነክቶ፣ አንተ፣ በረዶ አልቋል አለኝ። የጭነት ሠራተኛ መስዬው ነው። ባለቤቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ብትሰድበኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ዝምታዋ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ከረመ።

ግንቦት ላይ ደላላው ደወለልኝ። ከባሕር ዳር የመጣ ያገለገለ የጀርመን የቤት መኪና አለ፣ ባለቤቱ ሐኪም ነበሩ፣ እንቁላል ላይ የሚሄዱ ያህል ተጠንቅቀው ነው የነዱት፣ ፒካፕህን ከትንሽ ጭማሪ ጋር ስጥና ውሰድ አለኝ። ፒካፗን የሚፈልጋት አንድ የይጁቤ ሰው ተገኝቷል። ሄጄ አየሁት። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ፣ ፀጉር የማይታይበት ንጹሕ። ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ ትንሽ ነዳሁት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያን ሚዜ ዓይኔ ፊት እያመጣሁ ነበር የምነዳው፤ አይ የእኔ ነገር!

ባለቤቴ ስትሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "እናትህስ?"

"እናቴ ምን ሆነች?" ብዬ ጮህሁባት። አንቺ ደግሞ የሰው ደስታ አይዋጥልሽም አልኋት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ቁልፍ የምንቀያየር ዕለት ከፒካፗ ውስጥ ዕቃዬን ለቀምሁ። የማርያምን ሥዕል አነሳሁ፣ ብርድ ልብሴን አነሳሁ፣ እናቴ እግሯ ላይ ጣል የምታደርጋትን ቡሉኮ አነሳሁ። ማቀፊያዎቹ ጋ ስደርስ ቡሎኖቹ ዝገዋል። ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ። የይጁቤው ሰው ለጤፍ ጆንያ ይሆኑኛል፣ ተዋቸው አለኝ። ጥቁሩ መኪና ከጎኔ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል፤ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ለሁለት እንጨት ብዬ ግማሽ ሰዓት ልቆም? ተውኋቸው።

ጠበል አስረጨሁት። ከተማ ውስጥ ስነዳ ባጃጆቹ መንገድ ይለቁልኛል። ጓደኞቼ ኢንቬስተሩ መጣ እያሉ ያሾፉብኛል፤ ሹፈታቸውም ደስ ይለኝ ነበር። ድንቹን በኪራይ መኪና ማስመጣት ጀመርሁ። የለቅሶ ድንኳን የሚጠይቀኝ ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

አንድ ሮብ፣ በገበያው ቀን፣ እናቴ እንድታየው ይዤው ወጣሁ። ክረምቱ ገና ስላልገባ በጠጠሩ መንገድ እንደምንም ሄደልኝ፤ ሆዱ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ሲነካ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እናቴ ከገበያተኛ ጋር በበቅሎ ወርዳ ከገበያው ዳር ጠበቀችኝ። መኪናውን ዞረችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ገባችና መሬት ላይ የተቀመጥሁ መሰለኝ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወጥታ በዓይኗ ዙሪያውን ፈለገች።

"ያቺስ?" አለችኝ።

ለወጥኋት አልሁ። እንጨቶቹንም ጠየቀችኝ። አብረው ሄዱ አልሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔን በምን ትወስደኛለህ አላለችም፤ መልስ እንደሌለኝ አውቃ ነው ያላለችው። እግዜር ያቆይልህ ልጄ ብላ መረቀችኝና በቅሎዋ ላይ አሳፈርኋት። ስትሄድ ከኋላ አየኋት፤ ዞራ አላየችኝም።

ሰኔ ላይ ለሐኪም ቀጠሮዋ በቅሎ ተከራይቼላት ሮብ ገበያ ድረስ ወረደች። ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ደወልሁላት። መድኃኒቱ አላለቀም ልጄ፣ ወንዙም ሞልቷል፣ ክረምቱ ይለፍ አለችኝ። የወር መድኃኒት እንዴት በወሩ አያልቅም? ይህን ለማሰብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ግን የሚስማማኝን ነው የሰማሁት፤ ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ።

በዚያው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ደወሉልኝ። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ይመጣል። እናትህ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ስልኩ ኔትወርክ እምቢ ብሎን ነው እስካሁን ያላገኘንህ አሉኝ። ቀጥለውም፦

"መኪናዋ ከጋራዥ ወጣች ወይ?"

የምን ጋራዥ ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ገባኝ። እናቴ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ፒካፗ ተበላሽታ ጋራዥ ገብታለች፣ ዕቃዋ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው ብላ ነግራለች። ከዚያ ሮብ ጀምሮ። ልጇ የእድሩን እንጨት ከመኪና ጋር ለሰው እንደሰጠ ማን እንዲያውቅ ትፈልጋለች? ሰዉም አምኗት ቁጭ አለ። እኔ ቃሬዛቸው ስለሆንሁ ሌላ ቃሬዛ አልሠሩም። አሁንም ከትናንት ጀምሮ እኔን ነው የሚጠብቁት።

አባቴ፣ መኪናዋ የለችም፣ እንጨት ቁረጡና ቶሎ አውርዷት። ማለት የነበረብኝ ይህን ነው። ይህን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን "እየመጣሁ ነው" አልኋቸው። ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚህ የባሰውን ልናገር። ፒካፗ የት እንዳለች አውቅ ነበር። የይጁቤው ሰው በየቀኑ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ነው የሚያቆማት። ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ ነበር። ያን ዕለት ሄጄ እናቴ ታማብኛለች፣ መኪናህን አከራየኝ ብለው እምቢ አይለኝም ነበር። አልሄድሁም። የራሴን መኪና ከሰው ልለምን? የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ኢንቬስተሩ ምን ሆኖ መጣ ይሉኛል። ይህን አሰብሁ። እናቴ ትንፋሽ እያጠራት እኔ ይህን አሰብሁ። ጥቁሩን አስነሥቼ ወጣሁ።

ከተማውን እንደለቀቅሁ ዝናብ ጀመረ። መንገዱ ሊጥ ሆኗል። ሮብ ገበያ ሳልደርስ አንድ ቁልቁለት ላይ ወደ ጎን ተንሸራተተብኝና ከሥሩ የሆነ ድንጋይ ዷ አደረገው። ትንሽ እንደሄድሁ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፣ ሞተሩ ጠፋ። ወርጄ ሳይ ዘይቱ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል። ስልኬን አየሁ፣ ኔትወርክ የለም። ቆልፌው በእግሬ መሄድ ጀመርሁ። መቆለፌ እስካሁን ይገርመኛል።

ሮብ ገበያ ስገባ ቀትር አልፏል። ሳልቆም ወደ ላይ ወጣሁ። የከተማ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ እየቀረ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አወጣሁት፤ በመጨረሻ በእጄ ይዤው ሄድሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ሰዎች ከማዶ ሲወርዱ አየሁ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ እናቴን በጋቢ ጠቅልለው አጥሯ በር ላይ አስቀምጠው የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ ቆይተዋል። ሲቸግራቸው እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። እርጥብ እንጨት ደግሞ ይጎብጣል። የእናቴ ጀርባ ድንጋዩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነበር የሚያመጧት። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው።

ሮጬ ደረስሁ። ቃሬዛውን አወረዱት። እናቴ ዓይኗን ከፈተች፣ ባዶ እግሬን አየች፣ ከኋላዬ አሻግራ መንገዱን አየች። ምንም የለም። ሰው ሁሉ ከብቦ እኔ የምለውን ይጠብቃል።

"ከጋራዥ አልወጣችም አይደል ልጄ?" አለችኝ።

ሰዉ እንዲሰማ፣ ካላት ትንፋሽ ላይ ቆጥባ፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ዓይኗ አዎ በል ይለኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ተለምኜ አላውቅም።

"አዎ እማ" አልሁ። "አልወጣችም።"

ዓይኗን ጨፈነች። የእድሩን ዳኛ ትከሻ ተቀብዬ ተሸከምሁ። እስከ ሮብ ገበያ ተራዬን ለማንም አልሰጠሁም፤ ምን ይጠቅማል? ከዚያ አንድ የጭነት መኪና አግኝተን ወረድን። ጥቁሩ ከመንገዱ ዳር ተቆልፎ፣ ዝናብ እያጠበው፣ ሲያብረቀርቅ አለፍነው። ሆስፒታል ሐኪሙ መቼ እንደጀመራት ጠየቀኝ። ትናንት ጠዋት አልሁት። ጻፈው። እናቴ ሁለት ቀን ቆየች። ከወንዙ ዳር በኋላ ከእኔ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም፤ ትንፋሹ አልነበራትም።

መቀበር ያለባት ከአባቴ አጠገብ ነው። ባለ ፒካፑን ሁሉ ለመንሁ፤ በዚህ ክረምት እዚያ አቀበት ላይ አንወጣም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ እግሬ መናኸሪያው ወደሚገኝበት ሄደ። አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። የይጁቤው ሰው የፒካፗን በር ተደግፎ ቆሟል። አንገቴን ደፍቼ ነገርሁት። ነፍስ ይማር አለ፣ ጆንያውን አወረደ፣ ራሱ መሪ ያዘ። አስከሬኗን ከኋላ አደረግነው። እኔም ከኋላ ተቀመጥሁ። ወንዙን ስንሻገር ማቀፊያውን ይዤ ነበር፤ መዳፌ ልሙጡ ቦታ ላይ ዐረፈ። ያኔ ነው ያለቀስሁት። ጮኼ አለቀስሁ፤ የይጁቤው ሰው ፍጥነቱን ቀነሰልኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የሚያወጣው የመጨረሻው መንገድ ድንጋይ ለድንጋይ ነው፣ መኪና አይወጣውም። ሰዉ ከታች ተሰብስቦ ጠበቀን። ያ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሮብ ገበያ መልስ ተሰብሮ ተጥሏል። የእድሩ ዳኛ ወደ መኪናዋ ጠጋ አሉ። እንጨቶቹን አዩ። ሁሉም አየ። የማያውቃቸው የለም፤ የእያንዳንዱ ሰው አባት በእነሱ ወርዷል። ሹፌሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ተገለጠ።  ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ።

የእድሩ ዳኛ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "ወንድሜ" አሉት፣ "እነዚህን እንጨቶች ለትንሽ ጊዜ ታውሰናለህ?"

ሰውየው ምንም አያውቅም። "ውሰዷቸው አባቴ" አላቸው። "ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ፤ ጆንያዬን የሚይዙልኝ እነሱ ናቸው።"

ቡሎኖቹን እኔ ፈታሁ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ዝናቡ እየወረደ፣ አስከሬኑ እየጠበቀ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ በግንቦት ያልሰጠሁትን ግማሽ ሰዓት በሐምሌ ሰጠሁ። በእነሱ ተሸክመን አወጣናት፣ ቀበርናት። ወርጄ እንጨቶቹን መልሼ በቡሎን አሰርሁ። ሽጥልኝ አልሁት። ሌላ እንጨት የለኝም፣ መንገድ ላይ ምን ላድርግ አለኝ። ምን ይበል? የእሱ ናቸው።

ከቀብር መልስ የእድሩን ዳኛ ለብቻቸው አገኘኋቸው። አባቴ፣ እንጨቶቹን እኮ ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"እናትህ መኪናዋ ጋራዥ ናት ብላናለች" አሉኝ። "እኛም ጋራዥ ናት ብለናል። በቃ።"

ለአርባዋ በእግሬ ወጣሁ። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን አንድ ጎረቤታችን ወደ እኔ መጣ። ክረምቱን ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ስለነበር በቀብሩ ላይ አልነበረም። አጽናናኝ። ከዚያ ትንሽ አፍሮ፣ ሚስቴ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያዋም ስለሆነ ፈርታለች አለኝና መኪናዋ ከጋራዥ መቼ እንደምትወጣ ጠየቀኝ።

የእድሩ ዳኛ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ወደ እኔ ያያሉ። ገና ናት ብል ማንም አያጋልጠኝም ነበር። እናቴ የመጨረሻ ትንፋሿን የከፈለችው ለዚህ ነው፤ ስሜ እንዳይጠፋ። በአርባዋ ቀን፣ በራሷ ግቢ፣ ሐሰተኛ ላደርጋት ነው።

"ጋራዥ አይደለችም" አልሁት። "በቅንጦት መኪና ለወጥኋት። የእድሩን እንጨትም አብሬ ሰጠሁት። እኔን አትጠብቅ፣ ቃሬዛ ሥሩ።"

 ሰውየው መጥረቢያውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ሦስት ወንዶች እየጠራ በአጥሩ ጎን ወደ ወይራው ሲወርድ አየሁት። ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ና አግዘን አላለኝም።